በቆሎው ሳይቆረጥ ውሃው ይጣድ

ልጄ፣

ደውለሽ «አክስቴ፣ ፍሪጅ ገዛን፤ ከላይ ፍሪዘር አለው፤ እሸት በቆሎ ቢቀመጥበት ይቆያል?» ስትይኝ «ይቆያል» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ማታ ጋደም ብዬ ሳስበው የነገርኩሽ ግማሹን ብቻ ነው። ዛሬ እዚህ ሆሞሻ ዝናቡ ከጧት ጀምሮ አላባራም፤ ከቤት መውጫ የለም። የቀረውን ግማሽ እነሆ ጻፍኩልሽ። በቁጥር ያደረግሁት ምድጃ አጠገብ ሆነሽ ስታነቢው የቱ ከየቱ እንደሚቀድም እንዳይጠፋብሽ ነው።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዢልኝ። ፍሪዘር በቆሎ አያጣፍጥም። የሰጠሽውን ይዞ ይቆይና ያንኑ ይመልስልሻል፤ እሱንም ትንሽ አጉድሎ። ስለዚህ አብዛኛው ምክሬ በቆሎው ፍሪዘር ከመግባቱ በፊት ስላሉት ጥቂት ሰዓታት ነው።

1. ለጎታ የሚሆነውን አትንኪ።

ከወሎ በሰፈራ ወደ አሶሳ የመጣነው በ1977 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ የ16 ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ በቆሎን «ባሕር ማሽላ» ነበር የምትለው፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ማሽላ ለማለት ነው። እዚህ ደግሞ ወደ ሱዳን የሚነግዱ ሰዎች በዓረብኛ «ዓይሽ ሪፍ» ሲሉት ሰማን። ሁለቱም ስም እንግድነቱን ይናገራል። ይሁንና ክረምቱ ሲከብድ፣ ጎታው ሲሟጠጥ፣ ማሽላው ገና አገዳ ሆኖ ሳለ ቀድሞ አፍ የሚደርሰው ይኸው እንግዳ ነው። በመጀመሪያው ዓመት አንዲት የበርታ እናት በቅርጫት ሙሉ እሸት ይዛ መጣች። ቋንቋችንን አታውቅም፤ እኛም የእሷን አናውቅም። ቅርጫቱን ደጃችን ላይ አስቀመጠች፣ በእጇ ወደ አፏ ሁለት ጊዜ አመለከተችንና ሄደች። የሚጠበስ እሸት በሸተተኝ ቁጥር ዛሬም እሷ ትታየኛለች።

በሁለተኛው ዓመት የራሳችን በቆሎ አሸተ። ያንን ሁሉ ክረምት ጠብሰን በላን፣ ቀቅለን በላን፣ ለመጣው ሁሉ ሰጠን። ግንቦት ሲገባ የምንፈጨው አጣን። እሸት የተበላ በቆሎ ዱቄት እንደማይሆን ልጅ ያውቀዋል፤ ሆኖም ሆድ ሲራብ ይረሳል። አሁን ደግሞ ፍሪዘር ሲመጣ መርሳቱ ይብሳል፤ ባዶ ቦታ ያየ ሰው መሙላት ያምረዋልና። እኔ የምቆርጠው እንዲህ ነው፦ አንዱ አገዳ ሁለት ራስ ከያዘ ታችኛውን ትንሹን እወስዳለሁ፤ ከዚያ ከማሳው ጠርዝ ዝንጀሮ ሊቀድመኝ የሚችለውን። ከመሀል ያለው ይደርቃል፣ ወደ ጎታ ይገባል። ከእኛ ማሳ ስትወስጂም ይህንኑ ጠብቂልኝ።

2. ቀኑን ከፀጉሩ ጀምረሽ ቁጠሪ።

በቆሎው ፀጉር ካወጣ 20 ቀን አካባቢ ሲሆነው ወተት ይይዛል። ፀጉሩ ጫፉ ቡናማ ሆኖ ደርቋል፤ ሽፋኑ ግን አሁንም አረንጓዴ ነው። አንዱን ትንሽ ገለጥ አድርጊና ፍሬውን በጥፍርሽ ተጫኚው። እንደ ውሃ የጠራ ነገር ከፈሰሰ ገና ነው፣ ተይው። እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ከፈነጠቀ ያ ቀኑ ነው። እንደ ሊጥ ከወፈረ ለጥብስ ይሁን፤ እሳት ላይ ቆንጆ ነው፣ ለፍሪዘር ግን አልፎበታል። በእኛ ሙቀት በወተትና በሊጥ መካከል ያለው ጊዜ ጥቂት ቀን ብቻ ስለሆነ ማሳውን በየሁለት ቀኑ ማየት አይሰልችሽ።

ጫፉንም እዪ። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ መጤ ተምች የሚሉት ትል በአገራችን በቆሎ ላይ ሰፍሯል፤ አንዳንዴ ራሱ ውስጥ ገብቶ ከጫፍ ወደ ታች ይበላል። ጫፉ ላይ እንደ እርጥብ መጋዝ ብናኝ ያለ ነገር ካየሽ ያንን ወገን ቆርጠሽ ጣይው፤ የቀረው ንጹሕ ከሆነ ለዕለቱ ምግብ ይሆናል። ባለማሳው መድኃኒት ረጭቶ ከሆነ ደግሞ ዕቃው ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ቀን ሳያልፍ አንድም ራስ አትቁረጪ። መጠየቅ አትፈሪ፤ «መቼ ረጫችሁ?» ማለት ነውር የለውም።

3. ውሃው ሳይጣድ በቆሎ አትቁረጪ።

ከምክሬ ሁሉ አንዱን ብቻ ያዢ ብባል ይህን እይዝ ነበር።

እሸት በቆሎ የሚጣፍጠው ውስጡ ስኳር ስላለ ነው። አገዳው ላይ ሳለ ቅጠሉ ስኳር እየላከለት፣ ፍሬው ደግሞ ያንን ስኳር ወደ ስታርች እየለወጠ ያከማቻል። ስንቆርጠው መላኩ ይቆማል፤ መለወጡ ግን ይቀጥላል። ሙቀት በጨመረ መጠን ደግሞ ይፈጥናል። ጣፋጭ በቆሎ የሚባለው ዝርያ እንኳ፣ በሱፐርማርኬት በጣሳ ታሽጎ የምታይው ቢጫው ማለቴ ነው፣ 30 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ አንድ ቀን ካደረ ከስኳሩ ከግማሽ በላይ ያጣል። ዜሮ ዲግሪ ላይ ቢያድር የሚያጣው ከመቶ ስድስት እጅ ያህል ነው። እሱ በዘሩ ስኳሩ ወደ ስታርች እንዳይቸኩል የሚያዘገየው ነገር አለው። የእኛ ነጩ በቆሎ፣ ገበሬው ቢኤች 661 እያለ የሚዘራው ይሁን ሌላው፣ የተመረጠው ለዱቄት ነው። ቶሎ ስታርች መሆን ሥራው ነው፤ የሚጣፍጠው ለጥቂት ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ እኛ ጣፋጩን በቆሎ ከሚያበቅሉት ይልቅ መፍጠን አለብን።

እንዲህ አድርጊ። ዋዜማውን ድስቱን፣ ቢላዋውን፣ ሳፋውን፣ ላስቲኩን አዘጋጂ። ማልደሽ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ እሳቱን አንድጂና ውሃውን ጣጂ። ከዚያ ወደ ማሳ ውረጂ። ቆርጠሽ ስትመለሺ ውሃው እየፈላ ይጠብቅሽ። ከአገዳው እስከ ፈላው ውሃ አንድ ሰዓት ባይሞላ ደስ ይለኛል፤ ሁለት ሰዓት ከሆነም ይሁን። የተቆረጠውን ጆንያ ውስጥ አጭቀሽ ፀሐይ ላይ አታቁሚው፤ በቆሎው ራሱ ይግልና ስኳሩ ይበልጥ ያልቅበታል።

አሶሳ ገበያ ወይም መንገድ ዳር የምታገኚው እሸት አብዛኛው ትናንት የተቆረጠ ነው። ግዢ፣ ጥበሺ፣ ብዪ፤ የሚሸጡት ሴቶች ልጆቻቸውን የሚያሳድጉበት ነው። ፍሪዘር ውስጥ ግን አታስገቢው።

4. ለብለብ አድርጊው፤ ጥሬውን አታስገቢ።

ፍሪዘር በገባልኝ በመጀመሪያው ዓመት ጥሬውን ከእነ ሽፋኑ አስገባሁት። ታኅሣሥ ላይ አውጥቼ ቀቀልኩት። ቀለሙ ደብዝዟል፤ ጣዕሙ ቆረቆንዳውን ያኘክሽ ያህል ነው፤ ልጆቹ አንዴ ነክሰው ተዉት። መለወጡን በረዶ ያቆመው መስሎኝ ነበር። በረዶ ግን ፍሬው ውስጥ ያለውን ኢንዛይም ሥራውን ያዘገይበታል እንጂ አይገድለውም። ኢንዛይሙ በብርድም ውስጥ ቀስ እያለ ስኳሩንና ጣዕሙን ይለውጣል። የሚያስቆመው የፈላ ውሃ ነው።

ይህን በመሳሳት የተማርኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። ክላረንስ በርድስአይ የሚባለው አሜሪካዊ ዛሬ ካናዳ ውስጥ ባለችው ላብራዶር ሲኖር፣ የአገሩ ሰዎች ያጠመዱት ዓሣ በዚያ ኃይለኛ ብርድ ወዲያው ሲጠጥርና ከወራት በኋላ እንደ ትኩስ ሲበላ አይቶ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ፈጥኖ የማጠጠርን ሥራ ወደ ፋብሪካ አመጣው። ለዓሣና ለሥጋ ፍጥነቱ በቂ ነበር። አትክልት ግን ያለ ፈላ ውሃ እንቢ እንዳለ ሰዎች የተማሩት እንደ እኔ አበላሽተው ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሽፋኑን ግፈፊ፣ ፀጉሩን አንድ ሳታስቀሪ አንሺ። ለአንድ ኪሎ በቆሎ ስምንት ሊትር ያህል ውሃ ይኑርሽ፤ ውሃው ካነሰ በቆሎው ሲገባ ይቀዘቅዝና ለብለብ መሆኑ ቀርቶ መቀቀል ይሆናል። በቆሎው ከገባ በኋላ ውሃው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ መፍላት አለበት፤ ካልፈላ በቆሎ ቀንሺ። ከፈላ ጀምረሽ ቁጠሪ። ፍሬውን ልትልጪው ከሆነ አራት ደቂቃ። አሶሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1500 ሜትር ከፍ ስለምትል ውሃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ አንድ ደቂቃ ጨምሪና አምስት ይሁንልሽ። ከእነ ቆረቆንዳው ልታስቀምጪው ከፈለግሽ ትንሹ ሰባት፣ መካከለኛው ዘጠኝ፣ ትልቁ 11 ደቂቃ ይፈልጋል፤ እዚያም ላይ አንድ ደቂቃ ጨምሪ። ቆረቆንዳው ሙቀት ስለሚውጥ ነው ይህ ሁሉ ጊዜ። ደቂቃውን በስልክሽ ያዢ። በግምት አይሆንም፤ ማነሱ ካለማድረግ ይብሳል፣ ኢንዛይሙን አነቃቅተሽው ትተይዋለሽና።

ጨው አታድርጊ። ጨው በኋላ ስትሠሪው።

5. ወዲያው አቀዝቅዢው።

ለብለብ የሆነው ራስ ከእሳት ከወጣ በኋላም ውስጡ መብሰሉን ይቀጥላል። ለአንድ ኪሎ በቆሎ አንድ ኪሎ በረዶ ያስፈልግሻል። ሆሞሻ በረዶ የሚሸጥ ስለሌለ እኔ ከሁለት ቀን በፊት የውሃ ፕላስቲኮችን ሞልቼ ፍሪዘር ውስጥ አጠጥራቸዋለሁ፤ በዕለቱ ሳፋ ላይ ንጹሕ ውሃ ሞልቼ እነሱን እከትበታለሁ። ፕላስቲኩ ሳይከፈት ስለሚያቀዘቅዝ የበረዶው ውሃ ከምን እንደተቀዳ አያሳስብሽም። በፈላ ውሃ የቆየበትን ያህል፣ ከእነ ቆረቆንዳው የሚቀመጥ ከሆነም እስከ መሀሉ ድረስ እስኪቀዘቅዝ በዚያ ይቆይ። ሲወጣ በንጹሕ ጨርቅ ጠርገሽ አድርቂው። እርጥብ ሆኖ ከገባ ፍሬው እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ጡብ ይሆናል።

6. ስትልጪ ከፍሬው ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ቁረጪ። ቢላዋው ጠልቆ ቆረቆንዳውን ከነካ እሾህ መሰል ልጣጭ አብሮ ይገባል፤ ጥርስ ውስጥም ይሰካል። ቆረቆንዳው ላይ የቀረውን ወተት በቢላዋ ጀርባ ፍቀሽ ለብቻ ያዢው፤ ለዕለቱ ገንፎ ወይም ለቂጣ ይሆናል። እኔ ከ10 ራስ አንድ ኪሎ ገደማ ፍሬ አገኛለሁ።

7. በትንሽ በትንሹ፣ በወፍራም ላስቲክ፣ ቀን ተጽፎበት።

ቀጭን ፌስታል አይሆንም፤ ብርዱ ያደርቀዋል፣ ሽታም ያስገባል። ወፍራሙን ላስቲክ ተጠቀሚ። ለአንድ ጊዜ ማዕድ የሚበቃውን ብቻ አድርጊበት፣ አየሩን በመዳፍሽ ጨፍልቀሽ አስወጪ፣ ጠፍጣፋ አድርገሽ እሰሪው። ጠፍጣፋው ቶሎ ይጠጥራል፤ ቶሎ የጠጠረ ደግሞ ውስጡ የሚሠራው በረዶ ደቃቅ ስለሚሆን ፍሬውን አይቀደውም። ቀስ ብሎ የጠጠረ ሲቀልጥ ውሃ ሆኖ የሚልፈሰፈሰው ለዚህ ነው።

በአንድ ቀን ሁሉንም አትጫኚበት። ባለ 100 ሊትር ፍሪዘር በ24 ሰዓት ከሦስት እስከ አራት ኪሎ ትኩስ ነገር ነው በደንብ የሚያጠጥረው። ያንቺው ከላይ ያለው ትንሹ ክፍል የዚያ ግማሽ ከሆነ ከሁለት ኪሎ አትለፊ። ሌላውን በሌላ ቀን።

የፍሪዘሩን በር እዪ፤ ኮከብ ተስሎበታል። አንድ ኮከብ ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ፣ ሁለት ኮከብ 12፣ ሦስት ኮከብ 18 ነው። ወራት ለማቆየት ሦስቱ ያስፈልጋል። ባለ አንዱ ለሳምንት፣ ባለ ሁለቱ ለወር ያህል ነው የሚታመነው። አራተኛ ተለቅ ያለ ኮከብ ካለው ደግሞ ትኩስ ነገር እንዲያጠጥር ተብሎ የተሠራ ነውና ዕድለኛ ነሽ። ከዜሮ በታች 18 ላይ ሳይቋረጥ የቆየ በቆሎ ከስምንት ወር እስከ ዓመት ጣዕሙን ይይዛል።

«ሳይቋረጥ» ያልኩትን ልብ በዪ።

8. መብራት ይሄዳል፤ እንደሚሄድ አድርገሽ ተሰናጂ።

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በዚሁ በክልላችን ጉባ ላይ ነው ያለው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ቤት ሙሉ ሰው ተሰብስበን በቴሌቪዥን አየን፤ አለቀስኩ፣ አላፍርበትም። ያ ትልቅ ኃይል እኔ ጓሮ እስኪደርስ ግን መካከሉ ላይ ምሰሶ አለ፣ ሽቦ አለ፣ ነፋስና መብረቅ አለ። በቆሎ የሚያሸተው ደግሞ መብረቅ በሚበዛበት ወር ነው።

ስለዚህ ፍሪዘሩን ባዶ አታስቀሪው። የተረፈውን ቦታ በውሃ ፕላስቲክ ሙይው። ሙሉ ትልቅ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሹ የሞላ እስከ 24 ሰዓት ብርዱን ይይዛል። ፍሪጅ ላይ ያለው ትንሹ ከዚያ ያንሳል። መብራት ሲሄድ ከፍተሽ አትዪ፤ ማየትሽ ራሱ ያሞቀዋል። ብርድ ልብስ ደርቢበት፤ መብራቱ ሲመጣ ቶሎ አንሺለት። ስታቢላይዘር ከሌለሽ ደግሞ መብራት እንደ መጣ ወዲያው አትሰኪው፤ መብራቱ እስኪረጋጋ ጥቂት ጠብቂ።

ከቤት ርቀሽ ከሄድሽ እንዲህ አድርጊ፦ አንድ ሲኒ ውሃ አጠጥሪ፣ በላዩ አንድ ሳንቲም አስቀምጪ፣ መልሰሽ ፍሪዘር ውስጥ ተዪው። ስትመለሺ ሳንቲሙ ላይ ከሆነ ደህና ነው። ሲኒው ሥር ከተገኘ ሁሉም ቀልጦ እንደገና ጠጥሯል ማለት ነው፤ ያኔ በላስቲኩ ያለውን አትመኚው። እኔ አንድ ዓመት ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ስመለስ ሁሉም ደህና መስሎኝ ለእንግዳ አቀረብኩ። ኮምጥጧል። ከዚያ ወዲህ ሳንቲሙ አይለየኝም።

መብራት ቆይቶ ሲመጣ በቆሎው ውስጥ የበረዶ ቅንጣት ካለ መልሶ ቢጠጥር ጉዳት የለውም፤ ጣዕሙ ብቻ ይቀንሳል። ለስልሶ ግን እንደ ፍሪጅ ከቀዘቀዘ ያንኑ ዕለት አብስይው። ከሞቀ ጣይው፤ አንጀትሽ ይቃጠል እንጂ ለልጅ አይሰጥም።

9. ፍሪዘር የሌላት ጎረቤት ብትጠይቅሽ።

ፍሪዘር ያላት ሴት በሆሞሻ ቁጥሯ ትንሽ ነው። ለሌላዋ ማድረቅ አለ፦ እንዲሁ ለብለብ አድርጎ፣ ልጦ፣ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ሰፌድ ላይ በስሱ አስጥቶ፣ ፍሬው በጥርስ ሲሰበር «ቀጭ» እስኪል ማድረቅ። ሲፈለግ አድሮ በውሃ ይዘፈዘፍና ይቀቀላል፤ ከደረቅ በቆሎ ንፍሮ በጣዕም ይበልጣል። ችግሩ ሰማዩ ነው። በነሐሴና በመስከረም መጀመሪያ ፀሐይ አትታመንም፤ ግማሽ የደረቀ በቆሎ ደግሞ ሻጋታ ያወጣል። ይህን ቀላል አታድርጊው። በ2004 እ.ኤ.አ. ኬንያ ውስጥ እርጥበት የያዘ በቆሎ ባወጣው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። መርዙ ሲቀቀል አይጠፋም፣ ሲታጠብ አይለቅም። ስለዚህ ዘግይቶ የተዘራውን፣ ጥቅምት ላይ የሚያሸተውን ታድርቅ፤ ቀድሞ የደረሰውን ትብላው። የሻገተ ካየች ለዶሮም አትስጥ።

10. ከፍሪዘር የወጣ በቆሎ ሳይበስል አይበላም።

ለብለብ ማድረግ ማብሰል አይደለም፣ ብርድም ጀርም አይገድልም። ከ2015 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. በአምስት የአውሮፓ አገሮች 47 ሰዎች ሊስቴሪያ በሚባል ተሕዋስ ታመው ዘጠኙ ሲሞቱ፣ ምንጩ ተፈልጎ የተገኘው በፋብሪካ የቀዘቀዘ በቆሎ ነው። ቀልጦ እንዲሁ ሰላጣ ላይ የሚበተነው ነው የሚያሰጋው። በተለይ ላረገዘች ሴት ክፉ ነው፤ ይህን ለምን እንደማነሳልሽ አንቺ ታውቂያለሽ። ከፍሪዘር ስታወጪው ሳታቀልጪ በቀጥታ ወደሚፈላው ድስት ጨምሪው፤ በደንብ ይፍላ።

እኔ የማስቀምጠው ለረመዳን ነው። ባለፈው የካቲት ፆሙ ሲገባ የጓሮዬ እሸት ከጠፋ አምስት ወር አልፎት ነበር፤ ለኢፍጣር አጃው ሾርባ ላይ ሁለት እፍኝ ጨመርኩ። አጎትሽ ማንኪያውን አስቀምጦ «ይሄ የነሐሴው ነው?» አለኝ። አዎ፣ የነሐሴው ነው አልኩት፤ ሌላ አልተናገረም፣ ሳህኑን ግን ሁለት ጊዜ አስሞላ። በ2019 ዓ.ም. ረመዳን ከዚያም ቀደም ብሎ፣ ጥር መጨረሻ ወይም የካቲት መባቻ ላይ ስለሚገባ የሚጠብቀው ጊዜ ያጥራል፤ አልሐምዱሊላህ፣ ለፍሪዘርሽም ይቀልለታል።

የጓሮዬ በቆሎ ፀጉር ያወጣው ነሐሴ 3 ቀን ነው። ቁጠሪና ነሐሴ 22 ማታ እኔ ጋ እደሪ። የውሃ ፕላስቲኮችሽን አጠጥረሽ በጨርቅ ጠቅልለሽ አምጪ፤ የእኔ ፍሪዘር ለሁለታችን የሚበቃ በረዶ አይሠራም። ድስቱን ከንጋቱ 11 ሰዓት እጥደዋለሁ።